ካፕሳይሲን ክሬም፦ እያቃጠለ ህመም የሚያስታግሰው ቅባት ለማን ይሆናል፣ ለማን አይሆንም

ስለ ካፕሳይሲን ክሬም ሰው የሚጽፈው አስተያየት ሁለት ዓይነት ነው፣ ወይ "ተአምር ነው" ወይ "ቆዳዬን ለበለበኝ እንጂ ምንም አልጠቀመኝም"። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው ህመሙ የት ጋ ነው የተቀመጠው የሚለው ነገር ነው፣ ይሄን ደሞ ካርቶኑም ውስጡ ያለው ወረቀትም አይነግራችሁም። ስለዚ እኔ ለጉልበቴ፣ እናቴ ደሞ አልማዝ ባለጭራ ካለፈላት በኋላ ጎኗ ላይ ለቀረባት ህመም የተጠቀምንበትን፣ እግረ መንገዴን ስለ ነርቭና ስለ ሰውነት መከላከያ ያነበብኩትን አንድ ላይ ልጻፈው፣ ረዘም ይላል ታገሱኝ።

ለቸኮለ ሰው ባጭሩ፦ ለጉልበትና ለእጅ ጣት ቁርጥማት፣ ማለትም አንድ ቦታ ላይ ተለይቶ ለሚያም፣ ለቆዳ ቀረብ ላለ መገጣጠሚያ፣ ሳይሰለች በየቀኑ መቀባት ለሚችል ሰው በጣም ጥሩ ነገር ነው። ለነርቭ ህመም ግማሽ በግማሽ። መላ ሰውነቱን ለሚያመው ሰው ወይም ዛሬ ቀብቼ ዛሬ ይተወኝ ለሚል ሰው አይሆንም።

ካፕሳይሲን በርበሬን በርበሬ ያደረገው፣ የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር ነው። ክሬሙ በብዙ የንግድ ስም ይሸጣል ግን ከስሙ ይልቅ ማየት ያለባችሁ ፐርሰንቱን ነው፣ የተለመዱት 0.025 እና 0.075 ናቸው፣ አነስተኛው ብዙ ጊዜ ለመገጣጠሚያ ከፍ ያለው ደሞ ለነርቭ ህመም ይታዘዛል። 8 ፐርሰንት የሆነ ፕላስተርም አለ፣ እሱ ግን ሐኪም ቤት ሄዶ የሚለጠፍ ነው፣ እመለስበታለሁ።

እኔ የተጠቀምኩት ነጭ፣ ሽታ የሌለው፣ ቶሎ ቆዳ ውስጥ የሚገባ ነው። ስትቀቡት መጀመሪያ ምንም አይሰማም፣ ውሃ የተቀባችሁ ነው ሚመስለው። ትንሽ ቆይቶ ሞቅ ይላል፣ ከዛ ይለበልባል፣ ከዛ ቆዳው የተቀባበትን ቦታ ተከትሎ ቀላ ይላል፣ እንደውም ከተቀባው ጠርዝ አልፎም ይቀላል። ብዙ ሰው እዚ ጋ ነው "አለርጂ ሆነብኝ" ብሎ የሚያቆመው። እኔ ግን ይሄ መቅላት ነው ስለ ህመም ያለኝን ሐሳብ የለወጠው፣ ስለዚ እዚ ላይ ትንሽ እንቆይ።

ሁላችንም ብግነት ሲባል የምናስበው የሰውነት መከላከያን ነው አይደል፣ ነጭ የደም ሴሎች መጡ፣ ቦታው ቀላ፣ አበጠ፣ ሞቀ፣ አመመ። ነርቭ ደሞ በቃ ወሬ አቀባይ ነው፣ የሆነውን ለአንጎል ይናገራል። ካፕሳይሲን ስትቀቡ ግን ቁስል የለም፣ ጀርም የለም፣ የመከላከያ ሴሎችን የጠራቸው የለም፣ ግን ቆዳው ቀላ! ያቀላው ነርቩ ራሱ ነው። የህመም ነርቭ ጫፉ ሲነካ ወደ ህብለ ሰረሰር መልእክት ከመላኩ ጎን ለጎን እዛው ቆዳው ላይ ሰብስታንስ ፒ እና ሲጂአርፒ የሚባሉ ነገሮችን ይለቃል። ሲጂአርፒ የደም ስር ያሰፋል፣ መቅላቱና ሙቀቱ ከሱ ነው፣ ሰብስታንስ ፒ ደሞ የደም ስሩ ፈሳሽ እንዲያሾልክ ያደርጋል፣ እብጠት ማለት ነው፣ በዛ ላይ ማስት ሴል የሚባሉትን የመከላከያ ሴሎች ቀስቅሶ ሂስታሚን ምናምን ያስረጫቸዋል። ያንቾ የሚባል የሃንጋሪ ሳይንቲስት ባለፈው ክፍለ ዘመን በዚሁ በካፕሳይሲን ነው ነርቭ ብግነት ማስነሳት እንደሚችል ያሳየው። ነርቭ ወለድ ብግነት በሉት። ማለትም ነርቭ ወሬ አቀባይ ብቻ አይደለም፣ ጠቡ ውስጥም አለበት።

የመልስ ጉዞውም አለ። ብግነት ያለበት ቦታ ያሉ ማክሮፋጆችና ሌሎች የመከላከያ ሴሎች ቲኤንኤፍ፣ ኢንተርሉኪን 1፣ ኢንተርሉኪን 6፣ ፕሮስታግላንዲን፣ ኤንጂኤፍ የሚባሉ ነገሮችን ይለቃሉ፣ እነዚ ሁሉ የህመም ነርቭ ጫፍ ላይ መቀበያ አላቸው። ነርቩ ሲቀበላቸው ስሜቱ ይሳላል። ትሪፕቪ1 የሚባለው የነርቩ በር፣ ካፕሳይሲንም የሚከፍተው እሱኑ ነው፣ በጤናው ጊዜ ሙቀት ወደ 43 ዲግሪ ሲደርስ ነው ሚከፈተው፣ ብግነት ሲኖር ግን ይሄ ወለል ወደታች ይወርድና ተራ የሰውነት ሙቀት ራሱ ሊከፍተው ይችላል። ፀሐይ ያቃጠለው ትከሻ ላይ ለብ ያለ ውሃ ሲፈስ የፈላ ውሃ የሚመስለው በዚ ምክንያት ነው። እና ነርቩ ይጮሃል፣ ሲጮህ ሰብስታንስ ፒ ይለቃል፣ ያ የመከላከያ ሴሎቹን ይቀሰቅሳል፣ እነሱ ደሞ መልሰው ነርቩን። ሌሊት አንድ ውሻ ሌላው ሲጮህ ሰምቶ እንደሚጮኸው፣ መጀመሪያ ያስጮኸው ሰው ካለፈ በኋላም መጯጯሁ ይቀጥላል። ከ3 ወር በላይ የቆየ ህመም ክሮኒክ ነው የሚባለው፣ ብዙ ጊዜ ሰው "ቁስሉ ድኗል እኮ ምን ያምሃል" ሲባል ውስጡ እየተካሄደ ያለው እንዲህ ዓይነት ነገር ነው። ህመሙ የውሸት አይደለም፣ ምርመራ ላይ ቁስል ስላልታየ ብቻ "ጭንቀት ነው" ብሎ ሰው መሸኘት በጣም ያሳዝነኛል፣ ሰው በህመሙ ላይ ሌላ ህመም ነው ሚጨመርበት።

ታዲያ እያቃጠለ እንዴት ያስታግሳል? በሩን ዴቪድ ጁሊየስ የሚባል ሳይንቲስትና ባልደረቦቹ በ1997 አገኙት (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፣ ያገኙትም ካፕሳይሲንን ይዘው "ይሄ ነገር ነርቭ ላይ ምኑን ነው የሚነካው" ብለው ሲፈልጉ ነው፣ በ2021 ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር የሕክምና ኖቤል አሸንፏል። በሩ ሲከፈት ካልሲየም ወደ ነርቩ ይጎርፋል፣ ያ ነው ማቃጠሉ። ግን ካፕሳይሲን እንደ ትኩስ ነገር ነክቶ አይሄድም፣ ተቀባብቶ ይቆያል፣ በሩ ክፍት ሆኖ ይቆያል፣ ካልሲየሙ ይበዛል፣ ነርቩ መጀመሪያ መልስ መስጠት ይቀንሳል፣ መጠኑ ከፍ ካለና ከቆየ ደሞ የነርቩ ጫፍ ራሱ ከላይኛው ቆዳ ወደኋላ ይሸሻል። ከሳምንታት፣ ከወራት በኋላ ተመልሶ ያድጋል። በዛ መሀል ያ ጫፍ ህመም አይናገርም፣ ሰብስታንስ ፒም አይረጭም።

እዚ ላይ ወረቀቱ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። ብዙዎቹ ክሬሞች "ሰብስታንስ ፒን በማሟጠጥ ይሰራል" ብለው ነው የሚጽፉት። ይሄ የድሮ አባባል ነው፣ ሰብስታንስ ፒ መቀነሱ እውነት ነው ግን ዋናው ነገር ነርቩ ጫፍ ከሥራ ውጪ መሆኑ ነው። ሰብስታንስ ፒ ብቻ ቢሆን ኖሮ የሱን መቀበያ የሚዘጉት መድኃኒቶች ህመም ያስታግሱ ነበር፣ ተሞክረው ግን ለህመም አልሆኑም፣ ከነሱ አንዱ አፕሬፒታንት በኋላ ላይ የካንሰር መድኃኒት ለሚያመጣው ማስታወክ ነው የዋለው። ነገሩ የቃላት ጉዳይ እንዳይመስላችሁ፣ ነርቩ ጫፍ ማረፍ እንዳለበት የገባው ሰው ለምን በየቀኑ መቀባት እንዳለበትም ይገባዋል።

ወደ አጠቃቀሙ ስመጣ የገዛሁበት ፋርማሲ "ሲያምሽ ተቀቢ" ብሎ ነው የሰጠኝ። ይሄ ምክር ለዚ መድኃኒት ጭራሽ አይሆንም። ሲያም ብቻ ከተቀባችሁት የምታገኙት ማቃጠሉን ነው፣ ጥቅሙን አይደለም። በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ፣ አመመም አላመመም፣ ለሳምንታት ነው ሚቀባው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ ናቸው፣ እየቆየ ሲሄድ ማቃጠሉ ይቀንሳል፣ መቀነሱ ራሱ ነርቩ እየተለማመደ መሆኑን ያሳያል፣ ከዛ ቀናት ዘላችሁ ስትመለሱ ማቃጠሉም ተመልሶ ይጠብቃችኋል። ጉልበቴ ላይ ለውጡ የመጣው ቀስ ብሎ ነው፣ አንድ ቀን ጠዋት ተነስቼ ድኛለሁ የምልበት ነገር አልነበረም፣ ደረጃ ስወርድ ያ ሁልጊዜ ሚጠብቀኝ ጠዝጣዣ ህመም እየሳሳ ሄደ፣ ቁጭ ብዬ ስነሳ መደገፊያ መፈለግ ቀነስኩ። ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ብዙ ከተራመድኩ አሁንም ይጠዘጥዘኛል።

ጥንቃቄው ላይ ቸልተኛ እንዳትሆኑ። ካፕሳይሲን ውሃ ውስጥ አይሟሟም፣ ስለዚ እጃችሁን በውሃ ብቻ ብትለቃለቁ ማዳረስ ነው የሚሆነው፣ በሳሙና በደንብ ታጠቡ፣ ወይም ከመጀመሪያውም ጓንት አድርጋችሁ ተቀቡ። ዓይን፣ አፍንጫ፣ የተላጠ ወይም የቆሰለ ቆዳ ጋ እንዳይደርስ። የእጅ ጣት መገጣጠሚያ ላይ ለሚቀባ ሰው ደሞ ወዲያው መታጠብ መድኃኒቱን ማጠብ ነው፣ ወደ ግማሽ ሰዓት አቆይቶ ነው፣ እስከዛ ፊት አለመንካት። ከሁሉ በላይ ሙቅ ሻወር። ከመቀባታችሁ በፊትም በኋላም አይሁን፣ ቅድም ያልኩት በር ሙቀቱንም ካፕሳይሲኑንም የሚቀበለው እሱው ስለሆነ ሁለቱ ይደማመራሉ፣ ሙቅ ውሃ የያዘ ላስቲክ ወይም የኤሌክትሪክ ማሞቂያም እንዲሁ፣ ላዩ ላይ አጥብቆ በፋሻ መጠቅለልም አይፈቀድም። ቱቦው ላይ ያለኝ ቅሬታ ክዳኑ ነው፣ ጠርዙ ላይ ክሬም እየቀረ በሚቀጥለው ጊዜ ስትከፍቱ ጣታችሁ ላይ ይቀራል፣ እንዲህ ዓይነት ነገር የሚሰራ ድርጅት ክዳኑን ሊያስብበት ይገባ ነበር።

ከዲክሎፌናክ ጄል ጋር አወዳድሪልን የሚል ጥያቄ ሁሌም ይመጣል። ሁለቱ የሚገቡት በተለያየ አቅጣጫ ነው። ዲክሎፌናክ ኮክስ የሚባለውን ኢንዛይም ይዘጋና ፕሮስታግላንዲን እንዳይሰራ ያደርጋል፣ ማለትም ነርቩን ከሚያስጮኸው ከብግነቱ በኩል ነው የሚገባው። ካፕሳይሲን ደሞ ከነርቩ በኩል። ለዚ ነው አንዱ ላልጠቀመው ሰው ሌላው ሊጠቅም የሚችለው። ጄሉ አያቃጥልም፣ ፈጠን ይላል፣ ለመጀመሪያ ሙከራ ለጉልበት እሱን ነው የምመክረው። ካፕሳይሲን በሁለተኛ ደረጃ፣ ወይም ኩላሊት፣ ጨጓራ፣ ልብ ላይ ችግር ኖሮባቸው እንደ ኢቡፕሮፌን ያሉ መድኃኒቶችን ሐኪም ለከለከላቸው ሰዎች።

አንድ ነገር ልጨምር ብግነት ላይ፣ ብዙ ሰው ብግነትን ጠላት ብቻ አድርጎ ስለሚያየው። በ2022 የታተመ ጥናት ነበር፣ ወገባቸውን ድንገት ያመማቸውን ሰዎች ደም ተከታትለው ሲያዩ ህመሙ በ3 ወር ውስጥ የለቀቃቸው ሰዎች ላይ መጀመሪያ አካባቢ ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ሞቅ ብለው ሲሰሩ ነው ያገኙት፣ ህመሙ በቀረባቸው ላይ ያ አልታየም። አይጦች ላይ ደሞ ብግነቱን ገና ሲጀምር ባፈኑት ጊዜ ህመሙ ሳምንታትን አልፎ ረጅም ጊዜ ቆየ። ይሄ "ማስታገሻችሁን ጣሉ" ማለት አይደለም፣ ሐኪም ያዘዘላችሁን ውሰዱ። ግን የመከላከያ ሥርዓቱ እሳቱን የሚያስነሳም የሚያጠፋም እሱው መሆኑን ያሳያል፣ ለኔ በጣም ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም "ብግነት ይጥፋ" የሚል ማስታወቂያ ያለው ማንኛውም ነገር ጥሩ ነው ብሎ መግዛት አይቻልም።

የኤንጂኤፍ ታሪክም እንዲሁ ነው። ኤንጂኤፍን ያገኘችው ሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒ ናት፣ በ1986 ከስታንሊ ኮሄን ጋር ኖቤል የወሰደችበት ነው፣ ነርቭ የሚያሳድግ ነገር ብለው ነው ያገኙት፣ በኋላ ግን ብግነት ባለበት መገጣጠሚያ ውስጥ ነርቭን የሚያሳምም ዋና ነገር ሆኖ ተገኘ። እሱን የሚይዝ ታኔዙማብ የሚባል መርፌ ተሰራ፣ የጉልበትና የዳሌ ህመም ቀነሰ፣ ግን ከሚወስዱት አንዳንዶቹ መገጣጠሚያቸው በፍጥነት እየተበላ ሄደ፣ በ2021 ሥራው ቆመ። የምንናደድበት ህመም መገጣጠሚያውን እየጠበቀም እንደነበር ሳነብ ጉልበቴ ላይ ያለኝ አስተሳሰብ ተቀየረ፣ ከክሬሙ በኋላ ህመሙ ቀለል ሲል ያለልክ መሮጥ አልጀመርኩም፣ የጭን ጡንቻ ማጠንከሪያውን ነው የቀጠልኩት።

አሁን ወደ እናቴ። አልማዝ ባለጭራን የሚያመጣው በልጅነት ጉድፍ የሚያስወጣው ቫይረስ ነው፣ ጉድፉ ሲድን ቫይረሱ አይሞትም፣ ህብለ ሰረሰር አጠገብ ባሉ የነርቭ ቋጠሮዎች ውስጥ ገብቶ ለዓመታት ይተኛል። ተኝቶ እንዲቆይ የሚያደርገው የሰውነት መከላከያ ነው፣ ዕድሜ ሲገፋ ወይም መከላከያው ሲዳከም ይነቃና በዛው ነርቭ መስመር ወደ ቆዳ ይወጣል፣ በአንድ ጎን ብቻ ቀበቶ መስሎ የሚወጣው በዚ ነው። ከዛ በኋላ ቋጠሮው ውስጥ የሚሆነው ውጊያ፣ ቫይረሱም ብግነቱም፣ ነርቩን ይጎዳዋል። ሽፍታው ደርቆ ጠፍቶ ህመሙ ይቀራል፣ በተለይ ሸምገል ባሉ ሰዎች ላይ።

እናቴ ጋ ሽፍታው ሙሉ በሙሉ ድኖ ቆዳው ከተዘጋ በኋላ ነው 0.075ቱ የታዘዘላት፣ ከዛ በፊት አይቀባም። ልቀባት ስል እጄን ትሸሻለች። "እማዬ፣ ያቃጥልሻል እንዴ?" አልኳት። "ቅባቱ መች ደረሰና ልጄ፣ እጅሽ ነው የሚያቃጥለኝ፣ ቀሚሴም እንደዛው፣ ጠንከር አድርገሽ ስትይዢው ይሻላል፣ እንዳትዳብሽኝ" አለችኝ። እውነትም መዳፌን ጫን አድርጌ ሳስቀምጠው ዝም ትላለች፣ በጣቴ ጫፍ ስነካት ትዘላለች። ለኔ ያኔ እንቆቅልሽ ነበር፣ ዳበሳ እንዴት ከመጫን በላይ ያማል?

ነገሩ ህብለ ሰረሰር ውስጥ ነው ያለው። ክሊፎርድ ዉልፍ በ1983 ባሳተመው ሥራ እንዳሳየው ከቆዳ የህመም መልእክት እየተደጋገመ ሲመጣ ህብለ ሰረሰር ውስጥ ያሉት ሴሎች ራሳቸው ይሳላሉ፣ ከዛ በኋላ ተራ የንክኪ መልእክት እንኳ ህመም ሆኖ ይተረጎማል። እዛ ውስጥ ደሞ የመከላከያ ሥርዓቱ ሌላ ቤተሰብ አለው፣ ማይክሮግሊያ ይባላሉ፣ የአንጎልና የህብለ ሰረሰር ማክሮፋጅ በሏቸው። ነርቭ ሲጎዳ፣ ጉዳቱ እግር ወይም ጎን ላይ ቢሆንም፣ ህብለ ሰረሰር ውስጥ ያሉት ማይክሮግሊያዎች ይነቃሉ። በ2003 የጃፓን ተመራማሪዎች የማይክሮግሊያ ላይ ያለ ፒ2ኤክስ4 የሚባል መቀበያ ሲዘጋ ነርቭ የተጎዱ አይጦች በንክኪ መታመማቸው እንደሚቀንስ አሳዩ፣ በ2005 ደሞ እነዚ ሴሎች ቢዲኤንኤፍ የሚባል ነገር ለቀው የህብለ ሰረሰርን የማረጋጊያ ምልክት እንደሚያዳክሙት፣ ዝም የሚያሰኘው ፍሬን እንደሚላላ ታየ። በጎን ቆዳ ላይ የተቀባ ክሬም እዛ አይደርስም። ሌላው ደሞ ለስላሳ ንክኪን የሚሸከሙት ወፋፍራም ነርቮች ባመዛኙ ያ የካፕሳይሲን በር የላቸውም፣ ስለዚ ክሬሙ በቀጥታ አይነካቸውም።

ውጤቱም እንደዛው ነበር። ሳትነካ የሚያቃጥላት፣ እሳት እሳት የሚላት ስሜት ቀነሰላት፣ ሌሊት እንቅልፏ ተሻሻለ። የቀሚሱ ነገር ግን ብዙም አልተለወጠም። ለዛኛው ሐኪሟ በአፍ የሚወሰድ፣ ህብለ ሰረሰር ላይ የሚሰራ መድኃኒት ጨመረላት፣ ሁለቱ ተጋግዘው ነው ልብስ በሰላም መልበስ የጀመረችው። ለዚ ነው ለነርቭ ህመም ግማሽ በግማሽ ያልኩት፣ ክሬሙ መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ ከህመሙ ግማሹ ቆዳው ጋ ስለሌለ ነው።

8 ፐርሰንቱን ፕላስተር እኛ አልተጠቀምንም፣ የማውቀውን ልንገራችሁ። በ2009 አሜሪካ ውስጥ ለዚሁ አልማዝ ባለጭራ ለሚተወው ህመም ተፈቀደ፣ በ2020 ደሞ ስኳር ለሚያመጣው የእግር ነርቭ ህመም። ባለሙያ ነው የሚለጥፈው፣ ለእግር ግማሽ ሰዓት ለሌላ ቦታ አንድ ሰዓት፣ ከዛ ይነሳል፣ ከተጠቀመ እስከ 3 ወር ሊቆይ ይችላል፣ ከዛ በፊት አይደገምም። ሁሉም ሰው አይጠቀምም፣ ግን በቀን 4 ጊዜ መቀባት ለማይችል አረጋዊ ሰው ካለ ሐኪም ጋ መጠየቅ ይገባል። ሲለጠፍ ማቃጠሉ ከባድ ስለሆነ የደም ግፊት ለጊዜው ሊጨምር ይችላል፣ ግፊት ያለበት ሰው ቀድሞ ይናገር።

እግረ መንገዴን፣ ወላጅ ያላችሁ ሰዎች፣ ለአልማዝ ባለጭራ ክትባት አለ፣ ከ2017 ጀምሮ ያለው አዲሱ ክትባት 50 ዓመት ለሞላቸው ይመከራል፣ ባላችሁበት የሚገኝ ከሆነ ጠይቁ። ሽፍታው ከወጣም በ72 ሰዓት ውስጥ ሐኪም ጋ ከተደረሰ የቫይረስ መድኃኒቱ የበለጠ ይጠቅማል። ምንም ዓይነት ክሬም ይሄን አይተካም።

ለመላ ሰውነት ህመም፣ ለፋይብሮማያልጂያ ለምሳሌ፣ ካፕሳይሲን ለምን እንደማልመክር ግልጽ መሰለኝ፣ አንድ ሰው መላ አካሉን በቀን 4 ጊዜ ሊቀባ አይችልም፣ ከዛም በላይ ምንጩ ሌላ ነው። በ2021 የወጣ ጥናት የፋይብሮማያልጂያ ታማሚዎችን አንቲቦዲ (የሰውነት መከላከያ የሚሰራው ፕሮቲን) ወስዶ ለአይጥ ሲሰጥ አይጦቹ ለመጫንና ለቅዝቃዜ ስሱ ሆኑ፣ የጤነኛ ሰው አንቲቦዲ ሲሰጣቸው ግን አልሆኑም። አንቲቦዲዎቹም የነርቭ ቋጠሮዎቹ ውስጥ ተገኙ። ገና ብዙ ይቀረዋል፣ ሕክምና አልሆነም፣ ግን ለዓመታት "አንቺ ምንም የለሽም" ሲባሉ ለኖሩ ሴቶች ትንሽ ነገር አይደለም። ሴቶች ስል ትዝ አለኝ፣ በ2015 አይጦች ላይ በተሰራ ጥናት ቅድም ያልኳቸው ማይክሮግሊያዎች ሲዘጉ ህመሙ የቀነሰው ወንዶቹ ላይ ነው፣ ሴቶቹ ላይ ሥራውን የሚሰሩት ቲ ሴል የሚባሉት የመከላከያ ሴሎች ይመስላሉ። የህመም ምርምር ለብዙ ጊዜ በወንድ አይጥ ነበር የሚሰራው፣ ክሮኒክ ህመም ግን በብዛት የሚያሰቃየው ሴቶችን ነው! ይሄ ያናድደኛል፣ መናደድም ያለብን ይመስለኛል።

እንግዲህ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ መጀመሪያ ህመሙን ፈትሹት። ጣታችሁን አስቀምጣችሁ "እዚ ጋ" የምትሉት መገጣጠሚያ ከሆነና ጄሉ ካልበቃችሁ በ0.025 ጀምሩ፣ ትንሽ፣ የአተር ፍሬ የምታክል፣ እስኪገባ አሽታችሁ። ቆዳው ቀልቶ ያቃጥላችኋል፣ ያ የሚጠበቅ ነው፣ ውሃ ከቋጠረ ወይም ከላጠ ግን አቁሙና ሐኪም ይየው። ማቃጠሉ ብቻ ሳይሆን መንካቱም፣ ልብሱም፣ ንፋሱም የሚያማችሁ ከሆነ ክሬሙን ብቻውን አትመኑት፣ "ሲነኩኝ ያመኛል፣ ሲጫኑኝ ይሻለኛል" ብላችሁ ለሐኪሙ በዚሁ ቃል ንገሩት፣ መድኃኒቱን የሚመርጠው በሱ ነው። በየቀኑ ሳታቋርጡ ለሳምንታት ተቀብታችሁ ምንም ለውጥ ካላያችሁ ሁለተኛ ቱቦ አትግዙ።